ሁሉም ሥራ አስቸኳይ ሲሆን ከየቱ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አንዲት ረዳት አብራኝ ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ አካውንቲንግ እማራለሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ስኳር ስላለባት ለክትትል ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። እሁድ ማታ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ሥራ እጽፋለሁ። ሰኞ ገበያ ነው፣ ሱቁ ይጨናነቃል፣ አንድ ነገር ሳልጨርስ ይመሻል። ረቡዕ ላይ ዝርዝሩን ማየት ራሱ ያስጠላኛል። አስቸኳይና አስፈላጊ ብለሽ በአራት ሣጥን ክፈይው ተብዬ ሞከርኩ፤ ሁሉም አስቸኳዩ ሣጥን ውስጥ ገባ። የስልክ አፕ ጫንኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጭልብኝ አጠፋሁት። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳትም ጀምሬ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። እኔ ሰነፍ ነኝ ወይስ ቅደም ተከተል አላውቅም? የዚህን ሳምንት ሥራ ከሚፈጀው ሰዓት ጋር ጽፌ ልኬልዎታለሁ።»

ምላሽ፦ ሰነፍ አይደለሽም። ሰነፍ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት አይነሳም። ቅደም ተከተል አለማወቅሽም አይደለም ሳምንትሽን የሚያፈርሰው። የላክሽውን ዝርዝር ደመርኩት። አንቺ ሰዓቱን በየመስመሩ ጽፈሽ ከሥር ድምሩን አላወጣሽም። አካውንቲንግ ለምትማር ሰው ይህን ማለት ትንሽ ያስቀኛል፤ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ስድስት ቀሚስ አለሽ። አንዱ ከቅድ እስከ ካውያ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብለሻል፤ 21 ሰዓት። የአራት ሚዜዎች ልኬትና ቅድ 4 ሰዓት። ስምንት ጥገና፣ ማሳጠሩም ማጥበቡም ዚፕ መቀየሩም፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሲያዝ 4። ጨርቅ፣ ገበርና ክር ግዢ 3። የሱቁ ሒሳብ 2። እናትሽን ለክትትል መውሰድ 4። አሳይመንት 5። ድምሩ 43 ሰዓት ነው። ረዳትሽ የምትይዘው እዚህ ውስጥ የለም።

አሁን ደግሞ ያለሽን ሰዓት እንይ። ሱቅ የምትከፍቺው ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 12:00 ነው። የምሳ ሰዓቱ ሲወጣ በቀን 8 ሰዓት ተኩል ይቀራል። ሰኞን ከስፌት ሒሳቡ አውጪው። ደሴ ላይ ሰኞ ሱቅ ከፍቶ ቀሚስ እጨርሳለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ለገበያ የመጣ ሰው በዚያው ልኬት ይሰጣል፣ ያለቀለትን ይወስዳል፣ ሒሳቡን ይዘጋል፣ የገዛውን ጨርቅ አምጥቶ «ይሄ ለቀሚስ ይበቃል?» ይላል። የባከነ ቀን አይደለም። ሥራ የሚገባበትና ብር የሚሰበሰብበት ቀን ነው። የስፌት ቀን ግን አይደለም። አንቺ እሁድ ማታ ስድስት ቀሚስ ጽፈሽ ሰኞ ማታ አንዱም ሳይነካ ስታዪው፣ ሳምንቱ ገና ሳይጀመር የተሸነፍሽ ይመስልሻል።

የቀሩት አራት ቀናት 34 ሰዓት ይሆናሉ። ከዚህም ሲሶውን ቀንሺ። ለምን ትይኛለሽ? ደንበኛ ለልክ ትመጣለች፣ ጎረቤት ብቅ ይላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ክር ያልቃል፣ ስልክ ይደወላል፣ «ቡና ደርሷል፣ ነይ» ትባያለሽ። ሲሶ ያልኩት መነሻ ግምት ነው። ያንቺን ትክክለኛ ቁጥር ማወቅ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሳምንት ከመኪናው በተነሳሽ ቁጥር የተነሳሽበትንና የተመለስሽበትን ሰዓት ደብተር ጠርዝ ላይ ጻፊ። ለጊዜው በሲሶው ብንሄድ 22 ሰዓት ግድም ይቀርሻል። ማታ ለጥናት ሁለት ምሽት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ጨምሪበት። 26 ሆነ።

43 ሰዓት ሥራ፣ 26 ሰዓት ጊዜ። የትኛውም አፕ፣ የትኛውም ሣጥን፣ የትኛውም የሌሊት መነሳት ይህን አያስታርቀውም። ዝርዝሩን በቀለም ብትከፋፍዪውም 17 ሰዓቱ ከሳምንቱ ውጪ ነው። ረቡዕ ላይ የሚያስጠላሽም ይኼው ነው፤ ልብሽ ቀድሞ ደምሮታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአንድ ቀሚስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያልሽውም ራሱ ሳያንስ አይቀርም። ሰው ሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ ሲገምት ሁሉም ነገር የተሳካለትን ቀን ነው የሚያስበው። ካኔማንና ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውበታል። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ግድም እንጨርሳለን ብለው ነበር። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። ተማሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። መድኃኒቱ ግምትን ትቶ መዝገብ ማየት ነው። መጨረሻ ያስረከብሻቸውን አምስት ቀሚሶች አስታውሺ። መቼ ተቀደዱ? መቼ ተተኮሱ? መሐል ላይ ስንት ጊዜ ተቀመጡ? የሚቀጥለውን ቀሚስ በእነሱ ልክ ገምቺ እንጂ በምኞትሽ ልክ አይሁን።

ስለ አራቱ ሣጥን። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ንግግር፣ ችግር ሁለት ዓይነት ነው፣ አስቸኳይና አስፈላጊ፣ የሚለውን ሐሳብ ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ጠቅሰው ተናገሩ። አራቱን ሣጥን የሣሉት ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዘዴው መጥፎ አይደለም። ግን ሥራን ይለያል እንጂ አይቆጥርም። ደግሞም ከሣጥኖቹ አንዱ «ለሌላ ሰው አስተላልፍ» ነው የሚለው። ፕሬዚዳንት የሚያስተላልፍለት ሰው ሞልቶታል። አንቺ ያለሽ አንዲት ረዳት ናት፣ እሷም አሁን ዘርፍ እያጠፈች ነው።

ሁሉም ሥራ አስቸኳይ የሆነብሽ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚጠቅምሽ ይህ ነውና።

አንዲት ደንበኛ ትገባለች። «መቼ ይደርሳል?» ትላለች። አንቺ ፊቷን ታያለሽ፣ እሷም ያንቺን ታያለች፤ «ሐሙስ» ትያለሽ። ሐሙስን ከየት አመጣሽው? ከደብተር አይደለም። ከይሉኝታ ነው። ሐሙስ ትመጣለች፤ አልደረሰም፤ «ነገ ነይ»። ነገም ትመጣለች። በአገራችን ልብስ ሰፊና «ነገ ነይ» ምን ያህል እንደሚዋደዱ አንቺም ታውቂያለሽ። ደንበኛም ከዚህ ትማራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ልብሱን የምትለብሰው እሁድ ከሆነ «ለማክሰኞ ነው የምፈልገው» ትልሻለች፤ እንደምታዘገዪባት ስለምታውቅ አምስት ቀን ቀድማ ታስቸኩልሻለች። ሌላዋም እንደዚያው። ስድስቱም ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ይከማቹና ሁሉም አስቸኳይ ይሆናሉ። ከመካከላቸው እውነተኛ አስቸኳይ ምናልባት ሁለቱ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አታውቂም፤ የተጻፈልሽ የውሸት ቀን ነዋ።

ሰው ደግሞ ቀን የቀረበለትን ሥራ ያስቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በሙከራ እንዳሳየው ሰዎች ክፍያው ዝቅ ያለ ሆኖ ቀነ ገደቡ የቀረበውን ሥራ፣ ክፍያው ከፍ ብሎ ጊዜ ካለው ሥራ ያስበልጣሉ። አንቺም የዚፕ ጥገናዋ «አሁን ጠብቄ ልውሰደው» ስላለች የሚዜዎቹን ቅድ ታቆሚላታለሽ። ሚዜዎቹ ቆመው አይጠብቁሽምና።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሪው። «መቼ ትፈልጊዋለሽ?» አትበዪ። «መቼ ነው የምትለብሺው?» በዪ። ሰርግ ነው? ሰርጉ መቼ ነው? ለክርስትና ነው? ለኢድ ነው? ወይስ ዝም ብሎ የሥራ ቀሚስ ነው? የሚለበስበትን ቀን በደብተርሽ ላይ ጻፊ። የማስረከቢያው ቀን ከዚያ ሁለት ቀን የቀደመ ይሁን፤ ሁለቱ ቀን ለብሳ ለምታየውና ወገቡ ላይ ጠበብ ለሚለው ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ስትጀምሪ ግማሹ አስቸኳይ ሥራ አስቸኳይ አለመሆኑን ታያለሽ። የሥራ ቀሚስ ያሰፋችው መምህርት ሳምንት ብትጠብቅ ምንም አትሆንም፤ እርግጠኛ ቀን ከተነገራትና ቀኑ ከተከበረላት።

ከዚያ ደብተሩ። ስልኩን ተዪው። አንድ ካሬ ደብተር ግዢና ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ ገጽ ስጪ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ስድስት ስድስት ሰዓት፣ አርብ አራት ሰዓት ብቻ ይዘሻል። ተደምሮ 22። ሥራ ስትቀበዪ ገጹ ላይ የደንበኛዋን ስም፣ ሥራውን፣ ሰዓቱን ትጽፊያለሽ፤ ስድስት ሲሞላ በእስኪርቢቶ መስመር ታሰምሪያለሽ። ከመስመሩ በታች አይጻፍም። «እባክሽ ለሐሙስ» ስትልሽ ደብተሩን አዙረሽ ታሳያታለሽ። «ሐሙስ ሞልቷል፣ ማክሰኞ አለ።» አንቺ እምቢ አላልሽም፤ ገጹ ነው የሞላው። ሰው ከሰው ጋር ይከራከራል፣ ከተሰመረ ገጽ ጋር ግን ብዙም አይከራከርም። ቀብድ የምትቀበዪውም ቀኑ ገጹ ላይ ከተጻፈ በኋላ ይሁን፤ ብር ከጨበጥሽ በኋላ ቀን መግፋት ይከብዳል።

አንዳንዷ ተቆጥታ ትሄዳለች። ትሂድ። በሦስት ቀጠሮ ካመላለስሻት በኋላ ተቆጥታ መሄዷ ላይቀር፣ አሁን ብትሄድ ይሻላል። ቢያንስ ጨርቋ እጅሽ ላይ የለም።

ስለ ጨርቅ ካነሳን፣ መደርደሪያሽ ላይ ስንት የተቀደደ ግን ያላለቀ ልብስ አለ? አልጻፍሽልኝም፤ ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የምርት ዕቅድ ነው የምሠራው። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የምናየው ማሽኑን አይደለም፤ ተጀምሮ ያላለቀውን ክምር ነው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው አንድ ቀላል ሕግ አለ። የተጀመረው ሥራ ብዛት በሳምንት ለሚያልቀው ሲካፈል፣ አንዱ ሥራ በአማካይ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ይሰጥሻል። በሳምንት አራት ቀሚስ የምትጨርሺ ከሆነና 12 ቀሚስ ከፍተሽ ካስቀመጥሽ፣ አንዱ ቀሚስ በአማካይ ሦስት ሳምንት እጅሽ ላይ ይቆያል። አራት ብቻ ብትከፍቺ አንድ ሳምንት። በሁለቱም ጊዜ የሠራሽው እኩል ነው። በመጀመሪያው ግን 12 ሰው ይደውልልሻል፣ በሁለተኛው አራት ሰው። እያንዳንዱ ስልክ ደግሞ ከመኪናው ያስነሳሻል።

«ቢያንስ ልጀምርላት» የሚለው ደግነት የሚጎዳሽ ለዚህ ነው። የተጀመረ ልብስ ደንበኛን ያረጋጋል ብለሽ ታስቢያለሽ፤ የሚያረጋጋው ያለቀ ልብስ ነው። ቅድን በአንድ ላይ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ጠረጴዛው አንዴ ከተጠረገ፣ መቀሱና ኖራው ከወጣ፣ አራቱንም የሳምንቱን ቀሚሶች አንድ ጠዋት ላይ መቅደድ ጊዜ ይቆጥባል። ተመሳሳይ ቀለም ክር የሚጠይቁትንም አከታትለሽ ብትሰፊ የክር መቀያየሩን ታተርፊያለሽ። ያልኩሽ ከአራት በላይ አትክፈቺ ነው እንጂ አንድ ባንድ ቅደጂ አይደለም።

አሁን ሳምንቱን እንዲህ አድርጊው። ሰኞ ልኬት፣ ማስረከብና ጥገና። ጥገና ለሰኞ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ቢቋረጥም አይጎዳም፣ ሰው እያናገርሽ ቁልፍ መትከል ትችያለሽ። ሰኞ ማታ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ሒሳቡን ዝጊ፤ ብሩ የገባው ያን ቀን ነው፣ ማን ምን እንደቀረበት ገና ትዝ ይልሻል። ማክሰኞ ጠዋት እስከ 6 ሰዓት ቅድ። ይህች ሰዓት የሳምንቱ ውድ ሰዓት ናት። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ የተሳሳተ ቅድ ግን የሰው ጨርቅ ነው፣ ትከፍያለሽ። ስልክሽ ረዳትሽ ጋ ይሁን፤ ደንበኛም እሷ ታናግራት። ረቡዕና ሐሙስ ስፌት፣ አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን አታንሺ። የግዢውን ሦስት ሰዓት ከሁለቱ ቀን በአንዱ አድርጊው፤ ለአንድ ክር ተነስቶ መውጣት ይቅር፣ የጎደለውን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ወረቀት ያዢ። አርብ ጠዋት ማጠናቀቅና ካውያ። ባንክም ሆነ ቢሮ ጉዳይ ካለሽ አርብን ተጠንቀቂ፤ የመንግሥት ቢሮዎች የአርብ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፣ ከጁምዓ በኋላም ሰው ተረጋግቶ እስኪመለስ ይቆያል።

አርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ይሁን። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ፤ «ሥራ ተቆልሎ ባዶ ሰዓት?» ይላሉ። ስሌቱን ላሳይሽ። ሥራ በዘፈቀደ በሚመጣበት ቦታ፣ በቀላሉ የወረፋ ሒሳብ፣ ጊዜው 80 በመቶ የተያዘ ሰው ጋ የሚመጣ ሥራ ተራው እስኪደርስ ራሱ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ አራት እጥፍ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲያዝ ዘጠኝ እጥፍ። ወደ መቶው ሲጠጋ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ሙሉ የተያዘ ሳምንት ጠንካራ ሳምንት አይደለም፤ አንድ ለቅሶ የሚያፈርሰው ሳምንት ነው። ለቅሶ ደግሞ ይመጣል። የማን እንደሆነ አናውቅም እንጂ በወር ውስጥ እድሩ እንደሚጠራሽ እናውቃለን። ይህን «እንቅፋት» አድርገሽ አትቁጠሪው፤ የአርብ ከሰዓት ባዶነት ለእሱ ነው። ምንም ካልመጣ የሚቀጥለውን ሳምንት አንድ ጥገና ትሠሪያለሽ፣ ወይም ቡናውን እስከ በረካው ትጠጪያለሽ።

ዕቅድ የምታወጪውም አርብ 10 ሰዓት ላይ ነው። እሁድ ማታ አይደለም። እሁድ ማታ አንቺ ከኮምቦልቻ የተመለስሽ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቅሽ፣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣሽ ሰው ነሽ። በዚያ ሰዓት የሚጻፍ ዝርዝር ወይ ጭንቀት ነው ወይ ምኞት። አርብ ግን ሥራው ፊትሽ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ ታያለሽ። ሌላም ጥቅም አለው። ያላለቀ ሥራ ሐሳብን ይዞ አይለቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን ሥራው ባያልቅም እንኳ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ከወጣለት ጭንቅላት ውስጥ መመላለሱ ይቀንሳል። ቅዳሜ ክፍል ገብተሽ የሚዜዎቹን እጅጌ ከማሰብ ያድንሻል ማለት ነው። ቁርጥ ያለ ስል «ቀሚስ መጨረስ» አይደለም፤ «ረቡዕ ሱቅ እንደከፈትኩ የሰማያዊዋን ቀሚስ ጎንና ጎን እገጥማለሁ» ነው።

አሳይመንቱን በሚቻለው ሁሉ ደሴ ይዘሽ አትምጪ። ቅዳሜ ከክፍል በኋላ እዚያው ቆይተሽ ጀምሪው። ኮምቦልቻ የሚያውቅሽ ደንበኛ የለም። እናትሽን የሚያይልሽ ሰው ካለ ብቻ ነው ይህን የምልሽ፤ ከሌለ ሁለቱ ምሽቶች ይቆዩ።

ደግሞ ደሴ ውስጥ ለሚሰፋ ሰው አንድ የቀን መቁጠሪያ አይበቃም። ግድግዳሽ ላይ የሂጅራውም ይሰቀል። ኢድ በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር በ11 ቀን ግድም ቀድሞ ይመጣል፤ አምና በዚህ ጊዜ ረፍት ነበር ብለሽ ስትዘናጊ ዘንድሮ ደጅሽ ላይ ነው። በመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም አለ፤ ወሩ ሳያልቅ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ተጓዥ ከተማውን ይሞላዋል። ጥር የሰርግ ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም በዓል ይከበራልና ለአንዱ ያሰፋችው ደንበኛ ለሌላውም ትመለሳለች። እነዚህን ሳምንቶች ዛሬውኑ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጊባቸው፣ ሥራ መቀበል የምታቆሚበትንም ቀን ወስኚ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢሆን ጥሩ ነው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳቱን ተዪው። 3 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው 10 ሰዓት ቢነሳ ምንም አይደል፣ አንቺ ግን ስትተኚ ስንት ሰዓት ነው? ለአዋቂ ሰው የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከእንቅልፍ የተቆረጠ ሰዓት ማክሰኞ ጠዋት መቀስ ስትይዢ ይከፈላል። ስልክሽ ላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ ይቅር፣ የእናትሽ መድኃኒት ሰዓት፤ እሱ በደብተር የሚተው ነገር አይደለም። እንዲሁም ሥራው ቀንሶ፣ ተኝተሽም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ አላለኝም፣ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ የምትይ ከሆነ ጉዳዩ የዕቅድ ላይሆን ይችላልና ሐኪም አማክሪ።

የማልፈታልሽም ነገር አለ። ይህ አሠራር ጊዜ አይፈጥርም። እናትሽ የክትትል ቀጠሮ ባላት ሳምንት አራት ቀሚስ፣ በሌላው አምስት ነው የሚያደርስሽ። የቤት ኪራዩና የረዳትሽ ደሞዝ በአራት ቀሚስ የማይሸፈን ከሆነ፣ ያኔ ጥያቄሽ ስለ ዋጋ ነው። ወይ የስፌት ዋጋ ትጨምሪያለሽ፣ ወይ ረዳትሽን ከዘርፍ አልፋ ሙሉ ጥገና እንድትይዝ ታስተምሪያታለሽ፣ ወይ ትምህርቱን ለአንድ ተርም ታቀልያለሽ። እኔ ብሆን ከረዳቷ እጀምራለሁ፤ ረገብ ባለ ሳምንት ለእሷ የምትሰጪው ጥቂት ሰዓት በየሰኞው ይመለስልሻል። ግን ይህን ሁሉ ለመወሰን መጀመሪያ አራት ሳምንት በደብተሩ ሥሪ። በመሐል ሌላ ዘዴ አትጨምሪ፣ ሌላ አፕ አትጫኚ፣ አታሻሽዪው። አራት ሳምንት ሙሉ የተመዘገበ ሰዓት ሲኖርሽ ዋጋሽን በግምት አታወጪም።

ይህ ሳምንት ግን አስቀድሞ ቃል ተገብቶበታል፣ እሱን እንጨርስ። ጥገናውንና ሒሳቡን ወደ ሰኞ ስታዛውሪ ከ43ቱ ስድስት ሰዓት ይነሳል፤ 37 ይቀራል። ያለሽ 26 ነው። የሚተርፈው 11 ሰዓት የሁለት ቀሚስና የሚዜዎቹ ቅድ ነው፣ ልክ በልክ። ስለዚህ ለስድስቱም ቀሚስ ባለቤቶች ደውዪና መቼ እንደሚለብሱት ጠይቂ። ቀናቸው የራቀውን ሁለቱን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገጽ አሻግሪ፣ አዲሱንም ቀን በቁርጥ ንገሪያቸው። ይቅርታ ጠይቂ እንጂ ምክንያት አትደርድሪ፤ መብራት ጠፍቶ ነው ማለት አያስፈልግም። የሚዜዎቹ ሰርግ መቼ እንደሆነ ዝርዝርሽ ላይ አልጻፍሽም። እሱን ከሁሉም በፊት እወቂ። ሰርጉ በዚህ አስር ቀን ውስጥ ከሆነ እነሱ ይቅደሙ፣ ከስድስቱ ቀሚስ ሌላ አንድ ይሻገር፤ ከዚያ ከራቀ ልኬታቸውን በሚቀጥለው ሰኞ ውሰጂ፣ ቅዱ ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። አራቱም አንድ ላይ ይምጡ፤ አንድ በአንድ ከመጡ አራት ቀን ይበላሉ።